ምጽዋ ደርሶ የተመለሰው

በ1859 ዓ.ም. ምጽዋ ወደብ ላይ አንድ መሐንዲስና ጥቂት የእጅ ባለሙያዎች ከነመሣሪያቸው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከእንግሊዝ አገር በመርከብ የመጡት ደብረ ታቦር ወጥተው ለዐፄ ቴዎድሮስ ሊሠሩ ነው። መንግሥታቸው ግን አንድ ቃል አስሯቸዋል፤ መቅደላ ላይ በእግር ብረት ያሉት አውሮፓውያን ተፈተው ምጽዋ ካልደረሱ እናንተም ደጋውን አትወጡም ብሏቸዋል። ወር በወር ላይ ተደራረበ። ከደጋ የሚወርድ እስረኛ አልታየም። ባለሙያዎቹም መሣሪያቸውን መልሰው ጭነው ወደ አገራቸው ሄዱ።

ብዙ ሳይቆይ በዚያው በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዙላ ላይ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር ወረደ። አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ተዋጊ፣ የተራራ መድፍ፣ መድፍ የሚሸከም ዝሆን፣ ሜዳው ላይ ስንቅ የሚያመላልስ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ይዞ ነበር። ያቺው አገር አስቀድማ መሐንዲስ ልካ ነበር፤ መሐንዲሱን መለስነው፤ ጦሩ መጣ።

ስለ ቴዎድሮስ የሚተርክ ሁሉ መቅደላ ላይ ሲደርስ እንባው ይመጣል። ሽጉጡ፣ አምባው፣ የልዑል ዓለማየሁ ስደት፣ የተዘረፈው ብራና። እኔም አለቅሳለሁ። እንደ እግር እሳት የሚለበልበኝ ግን የምጽዋው ነገር ነው። መቅደላ ላይ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ምጽዋ ላይ ግን ገና አላለቀም፤ ገመዱ በእጃችን ነበር።

ይህን የምጽፈው ይፋግ ሆኜ ነው። ይፋግን ለማያውቅ፦ ከወረታ ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ርብን ተሻግሮ አዲስ ዘመን ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። ዛሬ አላፊ መኪና ብዙም አይቆምባትም። በዚያ ዘመን ግን ከጎንደር ወደ ጎጃም የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ሳይረግጣት አያልፍም ነበር። ከእናርያ የመጣ ቡና፣ ከሰሜን የወረደ አሞሌ ጨው፣ ጥጥ፣ ፈረስና በቅሎ፣ የዝባድ ቅባት፣ የሚያሳዝነው የሰው ልጅም ጭምር ይሸጥባት ነበር። ኬላ ነበራት፤ ቀረጥ ይሰበሰብባታል። የደሪጣና የይፋግ እስላም ነጋዴዎች ስም እስከ ምጽዋ ይታወቅ ነበር። የአውሮፓ ተጓዦች በየመጽሐፋቸው ሳያነሷት አላለፉም።

ከይፋግ በታች የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ሲሆን ከብት የሚሰማራበት፣ ጥቁር አፈሩ ለዘሩት ሁሉ የሚመልስ ሜዳ ነው። ከበላይ ደግሞ ጉና ተራራ ቆሟል። ደብረ ታቦር በጉና ትከሻ ላይ የተቆረቆረችው በከንቱ አይደለም። ከላይ ሆኖ ጠላትን ማየት ይቻላል፤ ከታች እህልና ሥጋ አለ። የየጁው ራስ ጉግሣ ከተማ ያደረጓትም፣ ራስ ዓሊ የነገሡባትም፣ ቴዎድሮስም ጎንደርን ትተው የመረጧት በዚሁ ምክንያት ነው። ከተማ እንበላት እንጂ ሠፈር ናት፤ ጌታው ሲሰፍር ትሞላለች፣ ሲነሳ ትራቆታለች። ዙሪያዋን ያለው ገበሬ የሚያውቃት በተሰሪ ወታደር ነው። ወታደሩ ጎጆው ገብቶ ያድራል፣ ጎታውን ይከፍታል፣ ሚስቱን ጋግሪ ይላል። የፎገራ ሰው ለደብረ ታቦር ያበላውን እህል ማንም ቆጥሮ አያውቅም።

ያቺ ከተማ ያገኘችውን የማባከን አመል ከጥንትም ነበረባት። በ1834 ዓ.ም. ደጃች ውቤ ከራስ ዓሊ ጋር እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ገጠሙ። ውቤ ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊ ሸሹ። ድል አድራጊው ድንኳን ገብተው ጠጅ ሲቀዳላቸው፣ የዓሊ ወገን የነበረው ብሩ ዓሊጋዝ ደርሶ ከነግብራቸው ማረካቸው። መንግሥት በአንድ ቀን ተገኝታ በአንድ ብርሌ ጠፋች።

ቴዎድሮስ ግን የዚያ ዓይነት ሰው አልነበሩም። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ከዚያ በፊት በጦር ሜዳ የግብፅ መድፍ የሚሠራውን አይተዋል። ጀግንነት ብቻውን ከመድፍ ፊት እንደማይቆም ገብቷቸዋል። ጭፍራውን ከየአገሩ ቀላቅለው በአሥር አለቃ፣ በሃምሳ አለቃ፣ በመቶ አለቃ፣ በሺ አለቃ አደራጁት። ወታደር ገበሬ ከሚዘርፍ ደመወዝ ይብላ ብለው ሞከሩ። መንገድ አስጠረጉ፤ ንጉሥ ሆነው ድንጋይ በገዛ እጃቸው አነሱ። በእርሳቸው ዘመን ድንጋይ ያነሳ ባላባት የለም።

ከዚያም ጋፋት መጣ።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ያለ ኮረብታ ነው። ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ያሰፈሩት እዚያ ላይ ነው። አብዛኞቹ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት በኩል የመጡ፣ ባዝል አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት ያሠለጠናቸው ወጣቶች ናቸው፦ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። የእጅ ሙያም የእግዚአብሔር ቃልም የተማሩ። ከእነርሱ ሌላ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ከፖላንድ የመጣ ሰውና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ሠዓሊው ኤድዋርድ ሳንደር ደግሞ ከውቤ ዘመን ጀምሮ አገሩን የለመደ ነበር። አንዳንዶቹ እዚሁ ተጋቡ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የጆን ቤልን ሴት ልጆች አገቡ፤ ቤል ማለት ለቴዎድሮስ የሞተው እንግሊዛዊ ነው፤ የልጆቹ እናት ኢትዮጵያዊት ናት። ሆል የሳንደርን ልጅ አገባ፤ እርሷም በእናቷ የዚህ አገር ሰው ነበረች። እነዚህ ሰዎች መጥተው የሚሄዱ እንግዶች አልነበሩም። ሚስትና ልጅ፣ አማችና ዘመድ ያላቸው ነበሩ። ጋፋት ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ሕፃናት ያስተምሩ ነበር።

ንጉሡ መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እነርሱም እኛ የወንጌል ሰዎች ነን፣ መድፍ ማፍሰስ አናውቅም አሉ። ንጉሡ አልለቀቋቸውም። የማያውቁትን ጀመሩ።

ነሐስ ማፍሰስ ምን ማለት እንደሆነ ልናገር፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነውና። የእኛ ቀጥቃጭ በወናፉ የሚያነደው ከሰል ለማረሻና ለማጭድ ይበቃል፤ ብረቱን ያግለዋል፣ ቀጥቃጩ ይደበድበዋል። የመድፍ ነሐስ ግን ቀልጦ እንደ ውሃ መፍሰስ አለበት። ያንን የሚያህል እሳት የሚችል ምድጃ ከምን ይሠራል? ተራ ጡብ ራሱ ቀልጦ ከነሐሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ያን ጊዜ የተለፋበት ሁሉ አፈር በላው። እሳት የሚችለውን ሸክላ ከየጋራው እያመጡ እያቃጠሉ መፈተን ያስፈልጋል። ምድጃው ቢገኝ ደግሞ ነሐሱ የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ አለ። በውስጡ እርጥበት ከቀረ፣ የጋለው ነሐስ ሲገባበት ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ቅርጹን ይበትነዋል፤ ዙሪያ የቆመውንም ያቃጥላል። ቅርጹ ቢደርቅም ነሐሱ ሳይቋረጥ መውረድ አለበት፤ መሐል ላይ ከቆመ ያ ቦታ ስንጥቅ ሆኖ ይቀራል፣ መድፉም በመጀመሪያው ባሩድ ከስንጥቁ ይፈነዳል። ሸክላውን የሚመርጥ ዓይን፣ የምድጃውን ቀለም አይቶ አሁን ነው የሚል ሰው፣ ሳያቋርጥ የሚያፈስ ቡድን ይፈልጋል። ይህ ከመጽሐፍ አይገኝም። ከሽፎበት ከሽፎበት የሚለምደው እጅ ነው።

ጋፋትም ከሽፎበታል። የመጀመሪያው ሙከራ ከንቱ ቀረ። ደግመው ሠሩ፤ ሆነ። ንጉሡ ደስታቸውን አልቻሉም፤ ሸለሟቸው። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። እስኪ አስቡት፦ መንኮራኩር በማያውቅ አገር፣ ነሐስ ማቅለጥ በማያውቁ ሰባኪዎች፣ በበጌምድር ከሰልና በበጌምድር ሸክላ ያ መድፍ ተሠራ። በየዓመቱ አንድ እርምጃ ይጨምር የነበረ እጅ ነበር። እሳቱን ያነደደው፣ ሸክላውን የተሸከመው፣ ወናፉን የረገጠው፣ ነሐሱ ሲወርድ ያየው ደግሞ የዚህ አገር ልጅ ነው። የነዋልድማየር ስም በመጽሐፍ ታትሞ ይነበባል፤ የእርሱን ስም የሚያነሳ የለም።

ይህ ሁሉ በእጅ ነበር። ይህ ሁሉ እንዴት እንደተበተነ ሳስበው ጣቴን እነክሳለሁ።

በ1855 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ፈልገው ደብዳቤ ጻፉ። ለንደን ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ጥሎ ዝም አለ። ይህ ንቀት ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ንጉሡ ተቆጥተው ቆንሲሉን ካሜሮንን፣ ሚሲዮናዊውን ስተርንንና ሌሎችንም አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ጥር ላይ ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል መልእክተኛ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ ደረሰ። ንጉሡ በደስታ ተቀበሉት። እስረኞቹ ከመቅደላ ወርደው ቆራጣ መጡ፣ የጣና ዳር ላይ፣ ከዚህ ከእኛ ሜዳ ቅርብ። ነገሩ አለቀ ተባለ፤ ሊሄዱ ተነሱ። ሚያዝያ 6 ቀን ራሳምና ጓደኞቹ ንጉሡን ሊሰናበቱ በታንኳ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። ዘጌ ሲደርሱ ተያዙ። ልብ በሉ፤ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን የጠጡት ከዚያ ልክ በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው።

ለምን ያዟቸው? ሰዎቹ ከሄዱ ባለሙያ የሚልክልኝ የለም ብለው ነው። እስረኛ በእጄ ካለ እንግሊዝ መሐንዲስ ትልካለች ብለው አሰቡ። ሚሲዮናዊው ዮሐንስ ፍላድ ሚስቱንና ልጆቹን መያዣ ትቶ ወደ ለንደን ተላከ፤ ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣ። ዕውቀት ፈላጊ ነበሩ፤ ይህንን ያህል ዕውቀት የተራበ ንጉሥ አላየንም። ዘጌ ሳሉ የእንፋሎት መርከብ ሥዕል ዓይተው ከደንገል ትልቅ ጀልባ አሠሩ፤ ጎንና ጎኑ ላይ በእጅ የሚዞር መቅዘፊያ መንኮራኩር ገጠሙለት። እንፋሎት ስለሌለ በክንድ። ከሠራተኛው ጋር አብረው ሲደክሙ ይውሉ ነበር። ያን ንጉሥ እያሰብኩ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። የፈለጉት ዕውቀት መርከብ ላይ ተጭኖ መጥቷል፤ ምጽዋ ላይ ነው። እስረኞቹን ላኩ፣ ባለሙያዎቹን ውሰዱ ተባሉ። እርሳቸው ባለሙያዎቹ ይቅደሙ አሉ፤ እንግሊዝ እስረኞቹ ይቅደሙ አለች። ሁለቱም እልህ ያዙ። የእንግሊዝ እልህ እንግሊዝን ምንም አላጎደለባትም። የእኛ እልህ ግን አገር አጎደለ።

አንዳንድ ሰው ንጉሡ ምን ያድርጉ፣ ተንቀው ነው ይላል። ተንቀዋል። ግን እልሁን ውጠው እስረኞቹን ቢለቁ ምን ያጡ ነበር? ራሳም፣ ካሜሮን፣ ሐኪሙ ብላንክ ለኢትዮጵያ ምን ይሆኗታል? አንድ መሐንዲስ ከእነርሱ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ለክብር ሲሉ የክብርን መሠረት ጣሉት።

በዚያ በ1859 ዓ.ም. የተደረገውን ሁሉ ልቆጥር አልችልም። ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፈው ንዋዩን ደብረ ታቦር አስገቡ። ዋግ፣ ሸዋ፣ ትግራይ፣ ጎጃም ከእጃቸው ወጥቶ የቀራቸው በጌምድር ብቻ ነበር፤ እርሱንም የገዛ ሠራዊታቸው አራቆተው። የፎገራና የሊቦ ገበሬ ከብቱን እየነዳ ወደ ቆላ ሸሸ። የጋፋትን ሰዎች እንኳ አላመኗቸውም፤ ሀብታቸውን ነጥቀው ከአጠገባቸው እንዳይርቁ ደብረ ታቦር አስቀመጧቸው። እሳቱን ያነደዱት እጆች እስረኛ ሆኑ።

በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት መባቻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን በእሳት ለቀው ወደ መቅደላ ተነሱ። ሴባስቶፖል በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትተዋል። ጨጨሆን አለፉ፤ ዘቢጥን፣ ዋድላን። ጅጣ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርሱ መድፉ የሚወርድበት መንገድ አልነበረም፤ ገደሉን ጠርበው መንገድ አወጡ። ወረዱ፣ ወጡ። በሽሎ ላይ እንደገና ገደል፣ እንደገና መንገድ። መቅደላ ሲደርሱ ግማሽ ዓመት ሊሆን ነበር። ሠራዊቱ በየዕለቱ እየከዳ ሟሸሸ፤ ንጉሡ ግን ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መድፉን አደረሱት። ያንን ሁሉ ወዝ ያፈሰሱበትን የጅጣና የበሽሎ መንገድ ማን ተጠቀመበት? የናፒየር ጦር ከኋላ ደርሶ በዚያው በእርሳቸው መንገድ ዝሆኑንና መድፉን አወረደ። እንግሊዞቹ የመንገዱን አሠራር አድንቀው ጽፈዋል።

እሮጌ ላይ ሚያዝያ 3 ቀን የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሰባት መቶ ያህል የእኛ ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው በጣት የሚቆጠር ነው። ሴባስቶፖል ዛሬም እዚያው መቅደላ ተራራ ላይ ተቀምጧል። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው ምስሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ከእሮጌ ይልቅ ይመራል። ናፒየር አገሩን ሲለቅ አውሮፓውያኑን ሁሉ፣ የጋፋትንም ሰዎች ጭምር፣ ወደዱም ጠሉም ይዟቸው ወጣ። ምድጃው ቀድሞ ጠፍቷል፤ አሁን እጁም ሄደ። ለናፒየር ጦር መንገድ የጠረጉለት የትግራዩ ካሣ ምርጫ ግን ሲመለስ ካሣ አገኙ፤ መድፍና ብዙ ጠመንጃ። በ1863 ዓ.ም. በዚያ መሣሪያ አሠም ላይ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ጦር ደመሰሱና ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። መሣሪያ የሚሠራ አገር መሆን በጀመረበት በዚያው አሥር ዓመት፣ በስጦታ መሣሪያ የሚነገሥበት አገር ሆንን።

ዮሐንስም ደብረ ታቦርን አልተዉአትም። በ1872 ዓ.ም. የግብፁ ወኪል ጎርዶን መጥቶ ያነጋገራቸው እዚያው ነው። ከተማዋ ዳግመኛ ሠፈር ሆነች፤ የጋፋት ምድጃ ግን አልነደደም። በ1922 ዓ.ም. መጋቢት የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ከመንግሥት ጦር ጋር ገጠሙ። ከሰማይ ቦምብ የጣለባቸው ከውጭ የተገዛ፣ በውጭ ሰው የሚነዳ አውሮፕላን ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ ትልቅ መድፍ የፈሰሰበት አውራጃ ጌታ ሰው ሠራሽ ነገር እንዳላየ ሰው ሞቱ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ገባ፤ ደብረ ታቦር የጣሊያን ምሽግ ሆነች። አርበኛው ከየበረሃው ሲወጋት ኖሮ በ1933 ክረምት እጅ ሰጠች። በእኛው መንገድ፣ ወደ ጎንደር ሲኬድ ያለው ቁልቋል በር ግን እስከ ኅዳር 1934 አልወደቀም፤ የጎንደሩ የጣሊያን ጄኔራል ናዚም እርሱ ሲያልቅ ነው የተማረከው። በዚያ ሁሉ ጦርነት የበጌምድር አርበኛ ከጠላት በማረከው መሣሪያ ተዋግቷል። ከጠላት ማርኮ መዋጋት ጀግንነት ነው፤ ከአያቱ ምድጃ ያልወረሰ መሆኑ ደግሞ ጉድለት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በቴዎድሮስ ላይ ብደፋ ደግሞ እዋሻለሁ። እሳቸው ሞቱ፤ ዋልድማየር ሄደ፤ ወናፉን የረገጡት የበጌምድር ልጆች ግን እዚሁ ቀሩ። ያዩትን ምን አደረጉት? ወደ የት ይውሰዱት? ብረት የሚነካ ሰው ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል በሚባልበት አገር ማን ነው ነሐስ አቅላጭ ነኝ ብሎ የሚቀመጥ? ማረሻ የሚሠራልንን ሰው እህል እየሰጠን ከማዕዳችን አራቅነው። ዓይኑን ሳናይ ማጭዱን ገዛን። ለዘመናት ብረቱንም ሸክላውንም የሠሩልን ቤተ እስራኤሎች በዚሁ ስም ሲሰደቡ ኖረው አገር ጥለው ሄዱ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስላለ ነው። ምድጃው አንድ ጊዜ ሲጠፋ ማንም ዳግም ያላነደደው፣ እሳቱ የንጉሡ ስለነበር ነው፤ ከንጉሡ ሌላ የሚፈልገው አልነበረም። ቤተ ክህነቱ የመናፍቃን ሥራ አለው፤ ባላባቱ የባሪያ ሥራ አለው፤ ገበሬው የሚያውቀው መድፉን ሊጎትት በግዳጅ ሲወሰድ ነው። ጋፋት አንድ ማረሻ ሠርቶ ለፎገራ ገበሬ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ገበሬው ያንን እሳት ይጠብቀው ነበር።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በዓይናችን ያየነው አለ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ወደዚህ ሜዳ ሩዝ ይዘው መጡ። ጅግናና ሻጋ በሚባሉ የገበሬ ማኅበራት ተዘራ። ርብ ሲሞላ እህል የማያበቅለው ውሃ የተኛበት መሬት ለሩዝ ተስማማው። ባለሙያዎቹ ሄዱ፤ ደርግም ሄደ፤ የማኅበሩ እርሻም ፈረሰ። ሩዙ ግን አልሄደም፤ ምክንያቱም ዘሩ በየገበሬው ጎታ ገብቶ ነበር። ኤክስ ጅግና የሚባለውን ነጩን ሩዝ ዛሬ ፎገራ ላይ የማያውቅ ልጅ የለም። ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ይጋግሩታል፤ አረቄ ያወጡበታል፤ ገለባውን ከብቱ ይበላዋል። ወረታ ላይ የሩዝ መፈተጊያ ቤቱ በረድፍ ቆሟል፤ የብሔራዊ ሩዝ ምርምር ማዕከልም እዚያው ተተክሏል። የፎገራ ሰው አዲስ ነገር አይቀበልም የሚል ካለ መጥቶ ይይ። ባዕድ ያመጣውን ዘር ማንም ሳያስገድደው ባህሉ አደረገው። ከዚህ ሜዳ ሽቅብ ባለው ኮረብታ ላይ የነበረው እሳት ግን አንድም ቤት አልገባም።

ጋፋት ዛሬ ስሙ ይነሳል። ከአገሪቱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች አንዱ በስሙ ተጠርቷል። መጠራቱን አልጠላውም። ግን ስሙን የወሰደው ፋብሪካ ሥራውን ከጋፋት አልወረሰም፤ በመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ ባዶ አለ። አንድ ቀጥቃጭ ለልጁ፣ ልጁ ለልጅ ልጁ ምድጃ ሲያነድ ቢኖር፣ ያ ባዶ ምን ይሞላበት ነበር? ወፍጮ፣ ደወል፣ የውሃ መሳቢያ፣ የተሻለ ማረሻ፣ ድልድይ። ርብ ክረምት በሞላ ቁጥር ስንት ሰው በልቷል።

የሄዱት ሰዎች ከኢትዮጵያ ከወጡ በኋላ የኖሩት ኑሮም አለ። ሞሪትዝ ሆል ከነኢትዮጵያዊት ሚስቱ ኢያፋ ወርዶ ተቀመጠ። በመቅደላ መውደቂያ ሰሞን የተወለደችው ልጁ በአምባው ስም ማግዳሌና ተባለች፤ እንግሊዛዊው ዕውቅ ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የእርሷ የልጅ ልጅ ነው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ደግሞ ጋፋት ላይ ምድጃ ያነደደበትንና ሕፃናት ያስተማረበትን ልምድ ይዞ ሊባኖስ ገባ። ብሩማና በሚባል ተራራ ላይ በ1865 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ከዚያም አስፉሪዬ ላይ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ሚስቱ የቤል ልጅ ብሩማና ላይ አብራው ነበረች። የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም ተማሪ ይቀበላል።